ዋጋ፣ ተመን፣ ረብ፣ እሴት፤ «ቫልዩ» የተባለው ቃል የአማርኛ አቻዎች ከይፋት ቆላ ገበያዎች አንፃር

1. የጥያቄው መነሻ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጕም ሰው «ቫልዩ» ከሚባለው ቃል ጋር ሳይገናኝ ብዙ ገጽ አይዘልቅም። ቃሉ በምጣኔ ሀብት መጽሐፍ፣ በሒሳብ መማሪያ፣ በግብር አዋጅ፣ በፍርድ ቤት ሰነድና በሥነ ምግባር ሐተታ ውስጥ እየተመላለሰ ይመጣል። መልኩ በሁሉም ስፍራ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ አይደለም፤ በአንዱ ስፍራ ለዕቃ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ በሌላው የዕቃውን ጠቃሚነት፣ በሦስተኛው የአንድን ቍጥር ልክ፣ በአራተኛው ደግሞ አንድ ኅብረተ ሰብ መልካም ብሎ የያዘውን ነገር ያመለክታል። ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ለእነዚህ ሁሉ አቻ እንዲሆን የሚጠራው ቃል «እሴት» ነው። አንዱ የባዕድ ቃል በአንድ የአገር ቃል ሲመለስ የተርጓሚው ሥራ የቀለለ ይመስላል። ዳሩ ግን አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ ስላልሆነ፣ አንዱ ቃል የሁሉን ስፍራ በያዘ ቍጥር ሌሎቹ ጠብቀውት የኖሩት ልዩነት እየደበዘዘ ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህ ቃላት ከየት እንደ መጡና በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምን እንደ ሆነ ነው። ለምርመራው መነሻ የይፋትን ቆላ መርጠናል፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚያወጣ የመጠየቅና የመከራከር ልማድ በዚያ ምድር ብዙ ዘመን የቈየ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋዎችም ሲካሄድ የኖረ ነውና።

2. የይፋት ገበያና የገንዘቡ ዐይነት

ይፋት ከሸዋ ደጋ ጠርዝ ቍልቍል እስከ አፋር ምድር ዳርቻ የሚደርስ አገር ነው። በሰሜናዊው ክፍሉ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ውሃው ወደ አዋሽ በሚወርደው በሮቢ ወንዝ አጠገብ በቀወት ምድር የተቈረቈረች ከተማ ናት። ደገኛው እህሉን፣ ቆለኛው ማሽላውንና ጥጡን፣ አርብቶ አደሩ ከብቱንና ጨውን ይዞ የሚገናኝበት ምድር ስለ ሆነ፣ ይፋት ከጥንት ጀምሮ የንግድ በር ነበር።

በ13ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት በዚህ ምድር ላይ የይፋትን ሱልጣናዊ ግዛት አጸና፤ እ.ኤ.አ. በ1285 የመኽዙሚ ሱልጣኖችን የሸዋ ግዛት ጠቀለለ። በቆላማው ተዳፋት ላይ የሚገኙት የኖራና የአስበሪ የድንጋይ ፍርስራሾች የዚያ ዘመን ከተሞች ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተው የደማስቆ ሰው አል ዑመሪ ስለ እነዚህ አገሮች በጻፈው ሐተታ፣ በይፋት የግብፅ ዲናርና ዲርሃም ሲሠራበት፣ በጎረቤቱ በደዋሮ ግን «ሐኩና» የሚባል ቍራጭ ብረት የገንዘብን ስፍራ መያዙን አመልክቷል። እንግዲህ አንዱን በሬ በወርቅ መስፈር ወይም በብረት መስፈር የሚሉት ሁለት ልማዶች በዚያ ዘመን ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው።

በኋለኛው ዘመን የዋናውን ገንዘብ ስፍራ የያዘው አሞሌ ጨው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አሞሌ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን የሚገዛው ዕቃ እየበዛ እንደሚሄድ አስተውሎ ጽፏል። ከ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በኋላ ደግሞ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ማለትም ጠገራው፣ ከአሞሌ ጋር አብሮ ገባ። ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከባሕር የሚመጣውን ንግድ የሚቈጣጠሩት ከአንኮበር ግርጌ ባሉት በፈሬና በአልዩ አምባ በኩል ነበር። ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት ጭነቱን የሚያራግፈው፣ ቀረጡ የሚቈረጠው፣ ሸቀጡ የሚሸጠው በዚያ ነበር።

ለመዝገበ ቃላት ታሪክ ደግሞ ይህ መንገድ ልዩ ትርጕም አለው። ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ከታጁራ ተነሥተው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የደረሱት በዚሁ በይፋት በር ነው። ኢዘንበርግ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1841 የአማርኛን መዝገበ ቃላት በለንደን አሳተመ። የአማርኛን ቃል ከእንግሊዝኛ ቃል ጋር አስተያይቶ ማስፈር ከተጀመረባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

3. የገበያው ቃላት

በመጀመሪያ የምናገኘው «ዋጋ» ነው። ቃሉ ቢያንስ ሦስት ፍች ይሸከማል። የመጀመሪያው ለአንድ ነገር የሚከፈለው ገንዘብ ነው፤ «የበሬው ዋጋ» እንደሚባለው። ሁለተኛው ለተሠራ ሥራ የሚሰጥ ምላሽ ነው፤ «የድካሙን ዋጋ አገኘ» ሲባል በጎውንም ክፉውንም ያጠቃልላል። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ሰው ለአንድ ነገር ያለው ግምት ነው፤ «ለቃሉ ዋጋ ይሰጣል» እንደሚባለው። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ስንሄድ ገንዘቡ እየራቀ፣ የሰው ፍርድ እየቀረበ ይመጣል። የሆነው ሆኖ «ዋጋ» በሦስቱም ስፍራ የሚሠራ ሕያው ቃል ነው፤ ገንዘብን ብቻ ያመለክታል ብሎ ማጥበብ አግባብ አይደለም።

ሁለተኛው ስም ሳይሆን ግሥ ነው፤ ይኸውም «አወጣ» ነው። በገበያ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄና «ስንት ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሻጩ የጠየቀውን መጠን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን ከሻጩም ከገዢውም ፈቃድ ውጪ ያለውን የገበያውን ፍርድ ይጠይቃል። «አንድ ሺሕ ብር ብለኸዋል፤ ግን ያን ያህል አያወጣም» የሚል ሰው የተጠየቀውን ዋጋ ተቀባይነት የሚነሣው በሌላ ሚዛን ነው። የእንግሊዝኛው «ዎርዝ» በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገኝ ብዙ ተርጓሚዎች «ዋጋ አለው» እያሉ ያልፋሉ፤ ትክክለኛው አቻ ግን ብዙ ጊዜ «ያወጣል» ነው። ይህ ግሥ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከሌሎች ብዙ ፍችዎቹ መካከል ተቀብሮ ስለሚገኝ፣ ከስም አቻ የሚፈልግ ተርጓሚ አያገኘውም።

ሦስተኛው «ረባ» ነው። የግእዙ «ረብሐ» ተጠቀመ፣ አተረፈ ማለት ሲሆን፣ ዐረብኛውም ትርፍን በዚሁ ሥር «ሪብሕ» ይለዋል። በአማርኛ «ረባ» ሁለት ነገር ይናገራል፤ ከብቱ ሲበዛ «ረባ» ይባላል፤ ነገሩ ሲጠቅም ደግሞ «ይረባል» ይባላል። «የማይረባ» እና «ረብ የለሽ» የሚሉት መናቂያዎች ከዚሁ የወጡ ናቸው። ከብት ሀብቱ በሆነ አገር ይህ ንግግር ምሳሌ ሳይሆን ቀጥተኛ አነጋገር ነው፤ ያልረባ ነገር ያልተባዛ ነገር ነውና። እንግዲህ «ረብ» የአንድን ነገር ብቃት የሚለካው በሚከፈልበት ገንዘብ አይደለም፤ ከራሱ በሚያፈራው ነገር ነው እንጂ።

አራተኛውና ዐምስተኛው ከዐረብኛ ጋር የሚዛመዱ ናቸው። «ፋይዳ» ጥቅምና ትርፍ ከሚለው ከዐረብኛው «ፋኢዳ» የተወሰደ ነው፤ እንደ «ደላላ» ሁሉ ከንግድ ጋር የገባ ቃል ነው። «ተመን» ደግሞ በድምፅም በፍችም ዋጋ ከሚለው ከዐረብኛው «ሠመን» ጋር ይገጥማል። ከዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር እናስተውላለን። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ሁለት ቃላት ለይተው ይጠቀማሉ፤ «ሠመን» ሻጭና ገዢ የተስማሙበት መጠን ሲሆን፣ «ቂማ» ግን ዕቃው በራሱ የሚያወጣው ልክ ነው። «ቂማ» የመጣው «ቆመ» ከሚለው ግሥ ነው፤ አንድ ነገር በምን ልክ ይቆማል እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ገበያ ይህን ልዩነት የሚጠብቁት «ዋጋ» እና «ያወጣል» ናቸው፤ «ተመን» ግን ከስምምነት ርቆ ባለሥልጣን ወይም ገማች የሚቈርጠው መጠን ሆኗል።

በአካባቢው ያሉት ሌሎች ቋንቋዎች የሚያሳዩትም ይህን የመሰለ ነው። የኦሮምኛው «ጋቲ» ዋጋንም ተፈላጊነትንም ያመለክታል፤ የሶማሊኛው «ቂሞ» ከዐረብኛው «ቂማ» የመጣ ነው። የይፋት አርጎባዎች በነጋዴነትና በሸማኔነት የታወቁ ሲሆኑ፣ ቋንቋቸው የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። እሑድ እሑድ በሚቆመው በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ሲገናኙ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ የለመደውን ልዩነት ይዞ ይከራከራል።

4. ውድ፣ ርካሽ፣ ክቡር

የዋጋ ቃላት ከፍቅርና ከንጽሕና ቃላት ጋር ያላቸው ዝምድና ሌላው ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። «ውድ» ከ«ወደደ» የወጣ ነው፤ ተወዳጅ የሆነውንም፣ ዋጋው ከፍ ያለውንም አንድ ቃል ይገልጻቸዋል። «ልጁ ተወደደ» እና «ጤፍ ተወደደ» የሚሉትን የሚለያቸው ባለቤቱ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው «ዲር» እና የፈረንሳይኛው «ሼር» በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በአንጻሩ «ርካሽ» ከ«ረከሰ» የወጣ ሲሆን፣ የግእዙ «ረኵሰ» ያልነጻ ሆነ ማለት ነው። ዋጋው የወረደ ነገር በአማርኛ የረከሰ ነው።

«ከበረ» ደግሞ የሁለቱ ማገናኛ ነው። የተከበረም ሰው፣ ባለጸጋ የሆነም ሰው «ከበረ» ይባላል፤ «ከበርቴ» የሚለው ስም ከዚያ ወጥቷል፤ ዕንቍም «የከበረ ድንጋይ» ይባላል። ዕብራይስጡ ክብርን «ከቦድ» ብሎ የሚጠራው መክበድን በሚገልጸው ሥር ነው። ስለዚህ በሴማውያን ቋንቋዎች ክብር፣ ክብደትና ብዕል ከጥንት ጀምሮ ተጠጋግተው የሚኖሩ ሐሳቦች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚከተለው ለተርጓሚ ብርቱ ነው። «የማኅበረ ሰቡ ቫልዩዎች» የሚለውን ሐረግ «እሴቶች» ብሎ መመለስ የተለመደ ሆኗል። ሆኖም ሕዝቡ ራሱ ስለዚህ ጕዳይ ሲናገር «የምናከብረው»፣ «የምንጠየፈው»፣ «ወጋችን»፣ «ነውር ነው» ይላል። ስሙ አዲስ ቢሆን ግሡ የቈየ ነው፤ ተርጓሚው ስሙን ሲያገኝ ግሡን መርሳት የለበትም።

5. «እሴት» ከምላሽ ወደ ልክ

«እሴት» አዲስ የተፈጠረ ቃል አይደለም። ግእዙ «ዐሰየ» ሲል ምላሽ ሰጠ፣ ብድራት ከፈለ፣ ዋጋ ሰጠ ማለቱ ነው፤ «ዕሴት» የተባለውም ስም ከዚህ ግሥ ወጥቶ ብድራትን፣ ለሥራ የሚሰጠውን ምላሽ ያመለክታል። በጎ የሠራ ሰው በሰማይ የሚጠብቀው ነገር ዕሴት ነው፤ በዚህም «ዐስብ» ከሚለው ቃል ጋር ይወራረሳል። እንግዲህ የጥንቱ ዕሴት በነገሩ ውስጥ ያለ ባሕርይ ሳይሆን ከሌላ ወገን የሚመጣ ስጦታ ነበር።

ዘመናዊው አማርኛ ይህን ቃል ሲያነሣ ከምላሽነት ወደ ልክነት አዛወረው። ይህ መዛወር እንግዳ እንዳይመስለን የላቲኑን «ፕሬቲዩም» ማየት ይበቃል። ቃሉ ዋጋንም፣ ልክንም፣ ሽልማትንም ያመለክት ነበር፤ ዋጋን የሚያመለክተው «ፕራይስ»፣ ሽልማትን የሚያመለክተው «ፕራይዝ»፣ ምስጋናን የሚያመለክተው «ፕሬይዝ» የተባሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ከዚሁ ምንጭ የወረዱ ናቸው። «ቫልዩ» ራሱ ደግሞ በረታ፣ ጠነከረ ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው። የእኛም «ዋጋ» ከላይ እንዳየነው ገንዘብንና ብድራትን አንድ ላይ ይዞ ኖሯል። ስለዚህ «እሴት» የተጓዘው መንገድ በሌሎችም ቋንቋዎች የታወቀ መንገድ ነው። የጠፋው ነገር ቢኖር የሥሩ መታየት ነው፤ ፊደሉ ከዐይኑ «ዕ» ወደ አልፋው «እ» ሲዞር «ዐሰየ» ከአንባቢው ዐይን ተሰወረ።

የቃሉን አስፈላጊነት ያጠነከረው የምጣኔ ሀብት ትምህርት ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776፣ ካርል ማርክስም በ1867 ባሳተሟቸው ሥራዎች አንድ ዕቃ ሲጠቀሙበት ያለውን ልክና በሌላ ዕቃ ሲለወጥ ያለውን ልክ ለይተው አስቀምጠዋል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ እነዚህን ሐሳቦች በአማርኛ መጻፍ ግድ ሲሆን፣ ዋጋ ከልኩ ከፍና ዝቅ ይላል የሚለውን ዐረፍተ ነገር በአንድ «ዋጋ» ብቻ መጻፍ አልተቻለም፤ ሁለት ቃል ማስፈለጉ ግልጽ ሆነ። ለይፋት ሰው ግን ሐሳቡ ራሱ እንግዳ አልነበረም። አሞሌ ወጥ ውስጥ ይገባል፤ በሬም ይገዛል። ጠገራ ይከፈላል፤ ቀልጦም የሴት ጌጥ ይሆናል። አንዱ ነገር ሁለቱን ልክ ይዞ በእጃቸው ያልፍ ነበር።

«እሴት» የሕዝብ ቃል ወደ መሆን የተቃረበው በግብር ሕግ በኩል ነው። በአዋጅ ቍጥር 285/1994 የተደነገገውና በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው «ተጨማሪ እሴት ታክስ» ቀድሞ የነበረውን የሽያጭ ታክስ ተካ፤ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ሲተካም ስሙ አልተለወጠም። ቃሉ በየደረሰኙ ላይ ስለሚታተም፣ ማንም ነጋዴ ያየዋል፤ ያየዋል ማለት ግን ይጠቀምበታል ማለት አይደለም።

6. ልዩነቱ ሲጠፋ የሚደርሰው ጕዳት

እስካሁን ያየነው የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል ሁለት ጕዳዮችን እናንሣ። የመጀመሪያው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዘመን ነው። በደርግ ዘመን ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ኮታ በመንግሥት ተመን ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ ይህ አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. በተደረገው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለውጥ ነው። ተመኑ ከገበያው ዋጋ በታች ስለ ነበር፣ ኮታው የጐደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተመን፣ ዋጋና «የሚያወጣው» ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሦስቱንም «ዋጋ» ወይም ሦስቱንም «እሴት» ብሎ የሚተረጕም ሰው የገበሬውን በደል ከሰነዱ ውስጥ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው የመሬት ጕዳይ ነው። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ በሕጉ ቋንቋ መሬት «ዋጋ» የለውም። ነገር ግን «ዋጋ የለውም» የሚለው አነጋገር በተራው አማርኛ የማይረባ ማለት ነው። የማይሸጠውንና የማይረባውን አንድ ሐረግ ሲሸከማቸው ትርጕሙ ይገለበጣል። ቋንቋው ግን መፍትሔ አላጣም፤ ከገንዘብ በላይ የሆነውን «በዋጋ የማይተመን»፣ ከገንዘብ በታች የሆነውን «ዋጋ ቢስ» ይለዋል። መንገድ ወይም የመስኖ ቦይ ሲያልፍበት ይዞታውን ለሚለቅ የቀወት ገበሬ የሚታሰበው የንብረቱ ግምትና የካሳው መጠን ነው። የ1161/2011 የካሳ አዋጅ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲከፈል በማለቱ፣ በገንዘብ ሊሰፈር የማይችለውን ነገር በገንዘብ ቋንቋ ለመናገር ሞክሯል። ጕርብትና ዋጋ የለውም፤ ክብር ግን አለው። ይህን ለይቶ የማይጽፍ አስተርጓሚ ለገማቹም ለተገማቹም አይጠቅምም።

7. ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናቀርበው ሐሳብ

በበኩላችን «እሴት» ይወገድ አንልም። ቃሉ በሕግ፣ በምጣኔ ሀብትና በማኅበራዊ ትምህርት ስፍራውን ይዟል፤ ሥሩም ከግእዝ የተመዘዘ የአገር ሥር ነው። የምንለው «እሴት» የሌሎቹን ስፍራ አይውሰድ ነው። ተርጓሚው «ቫልዩ» ሲያጋጥመው ሦስት መመዘኛዎችን እንዲጠቀም እንመክራለን።

አንደኛው ተቃራኒው ነው። የቃሉ ተቃራኒ «ርካሽ» ከሆነ ተፈላጊው «ውድ» ወይም «ዋጋ»፣ ተቃራኒው «የማይረባ» ከሆነ «ረብ»፣ «ጥቅም» ወይም «ፋይዳ»፣ ተቃራኒው «የተናቀ» ከሆነ «ክብር» ነው። ሁለተኛው ገማቹ ማን ነው የሚለው ነው። ሻጩ ከሆነ «ዋጋ»፣ ባለሥልጣኑ ከሆነ «ተመን»፣ ባለሙያው ከሆነ «ግምት»፣ ገበያው ከሆነ «ያወጣል»፣ ማኅበረ ሰቡ ከሆነ «እሴት» ወይም «ክብር» ይስማማል። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገሩ ስም ወይስ ግሥ ይፈልጋል የሚለው ነው፤ እንግሊዝኛው ስም ስላለ ብቻ አማርኛው ስም ይኑረው የሚል ሕግ የለም።

በሒሳብ ትምህርት «የቦታ ዋጋ» የሚለው ስያሜ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስለሚሠራበት፣ «ዋጋ» ገንዘብ በሌለበትም ስፍራ ያለ ችግር እንደሚያገለግል ምስክር ነው፤ ይህን «እሴት» ብሎ መለወጥ የለመደውን ተማሪ ያደናግር እንደ ሆነ እንጂ ትርፍ የለውም።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም አንድ ነገር እንጨምራለን። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል መዝገበ ቃላትም በ1993 ዓ.ም. ታትመው ለቋንቋው ትልቅ መሠረት ጥለዋል። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ ግን «ቫልዩ» በሚለው መግቢያ ሥር አቻዎቹን በነጠላ ሰረዝ እየለዩ መደርደር አይበቃም። እያንዳንዱ አቻ ከተቃራኒው ጋር፣ ከሚስማማው ግሥ ጋር፣ ከሚገኝበትም ሙያ ጋር ሊሰፍር ይገባል። «አወጣ» እና «ረባ» የተባሉት ግሦችም በዚያው መግቢያ ሥር ስፍራ ማግኘት አለባቸው። በሸዋ ሮቢት ገበያ የማሾ ጆንያ አስቀምጦ ከደላላ ጋር የሚከራከር ገበሬ ዋጋን፣ ግምትንና የሚያወጣውን ሳያምታታ ይናገራል፤ እርሱ ለይቶ የሚናገረውን እኛም ለይተን ልንጽፈው ይገባናል።